የሀሰን ግራ ክንድ

መቀሌ ውስጥ፣ ከሮማናት አደባባይ ትንሽ ወረድ ሲሉ፣ በአንድ ጫማ ቤትና በአንድ ጭማቂ ቤት መሀል የተሰነቀረች፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ፀጉር ቤት አለች። አንዱ ወንበር የሀሰን፣ ሌላው የኣረፋይነ ነው። ሀሰን ከወሎ፣ ከወረባቦ የመጣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ኣረፋይነ ደግሞ እዚያው መቀሌ ተወልዶ ያደገ፣ ምላሱም መቀሱም እኩል የሚሮጥ ጎልማሳ። ሁለቱ አስራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሲቆሙ የተኮራረፉት በሬዲዮ ጣቢያ ምርጫ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከምሳ አያልፍም።

ሀሰንን ለሚያውቀው ሰው ከፊቱ ቀድሞ ትዝ የሚለው ግራ ክንዱ ነው። ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ድረስ ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ተጋድመውበታል። እንግዳ ሰው ድመት የቧጨረው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ በወጣ ቁጥር፣ የሰው ራስ ከመንካቱ በፊት፣ ሀሰን በገዛ ክንዱ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ያደርገዋል። ሕመሙ ሳይሰማው ደም ብልጭ ካለ ምላጩ ደግ ነው፤ በፎጣ ጠረግ ተደርጎ ወደ ሥራ ይገባል። ካመመው ዶማ ነው፤ ወደ ቆሻሻ ይጣላል።

ይህን ያስተማረው አባቱ ነው። አባቱ የወረባቦን ሕፃናት በሰባተኛ ቀናቸው፣ በግ ታርዶ ስም በሚወጣላቸው በአቂቃቸው ዕለት፣ እየላጨ ያረጀ ሰው ነበር። «በራስህ ያላለፈ ምላጭ በሰው ልጅ ላይ አይለፍ» ይል ነበር። ሀሰን ትምህርቱን ከነምላጩ ይዞ መቀሌ ገባ። ከወሎ መጥተው መቀሌ የሚነግዱትና የጉልበት ሥራ የሚሠሩት ሁሉ ልጅ ሲወለድላቸው ከበግ ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነበር። እናቶች አራስ ልጃቸውን ጭኑ ላይ ሲያስቀምጡ ክንዱን ሲያዩት ልባቸው ያርፋል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ራስ አዲስ ምላጭ ነው የሚያወጣው። አንድን ምላጭ ለሁለት ሰው የሚጠቀም ፀጉር ቆራጭ ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። ይህን ኩራቱን ልብ ይሏል፤ በኋላ ይመለሳል።

ባለፈው ጥቅምት ሀሰን ልጁን ዛሂድን ሊጠይቅ ወደ አፋር፣ ወደ ሎጊያ ወረደ። ዛሂድ እዚያ የጎሚስታ ሥራ ከፍቷል፤ በጂቡቲ መንገድ የሚመላለሱትን የከባድ መኪና ጎማዎች ይጠግናል። የሀሰን ባለቤት ኡሙሀኒ ሻንጣውን ስታዘጋጅ ከሁሉ በላይ የከተተችለት አጎበር ነበር። «ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ ያለ አጎበር ብትተኛ ወላሂ እንዳትመጣ» አለችው። እሱም ታዛዥ ነው። ዘጠኝ ሌሊት አጎበሩን ፍራሹ ሥር እየወተፈ ተኛ። ቀን ቀን ደግሞ ከልጁ ደጃፍ፣ ከተከመሩት አሮጌ ጎማዎች አጠገብ፣ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ የመኪናውን ትርምስ ሲያይ ይውላል። እግሩን ትንኝ ትነክሰዋለች። እግሯ ነጭ ቀለበት ቀለበት ያላት ጥቁር ትንኝ ናት። ቀን ስለሆነ አልፈራትም፤ ቸብ አድርጎ ዝም ይላል።

መቀሌ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ራሱን የሚያስት ትኩሳት ያዘው። ከዓይኑ ኋላ የሆነ ሰው በአውራ ጣቱ የሚገፋው መሰለው። ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ ተሰባበሩ። ኡሙሀኒ «አጎበሩን ረስተኸው ነው!» ብላ አፈጠጠችበት። እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል የሚማለው ለአጎበሩ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ዶክተር ወንድሜነህ የሚባል፣ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ሐኪም አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጺሙን የሚስተካከለው ሀሰን ዘንድ ነው። ወንበሩን ባዶ ሲያገኘው ኣረፋይነን ጠየቀ። ኣረፋይነም በትግርኛው ወንድሜ ብሎ፣ «ሓሰን ሓወይ ከሎጊያ ወባ ይዞ መጣ» አለው። ዶክተሩ ጺሙን ሳይነካ ቤታቸው ድረስ መጣና ሀሰንን ደግፎ ወደ ሆስፒታል ወሰደው። ደሙ ሲመረመር ወባ የለም። ደንጊ ነው ተባለ።

«ስንት ሌሊት በአጎበር ተኝቼ!» አለ ሀሰን፤ የተሰደበ ያህል ተሰምቶታል።

«አጎበሩ ለወባ መልካም ነው ጋሽ ሀሰን» አለው ዶክተሩ። «የደንጊዋ ትንኝ ግን የቀን ሠራተኛ ናት። ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላና ማታ ከመጥለቋ በፊት ነው የምትበረታው። ከታመመ ሰው ደም ትጠጣለች፤ ቫይረሱ ሰውነቷ ውስጥ ሳምንት፣ አስር ቀን ያህል ይራባና ምራቋ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚቀጥለውን ሰው ስትነክስ ታቀብለዋለች። እንቁላሏን የምትጥለው ደግሞ በረጋ ውሃ ነው፤ በርሜል ላይ፣ የተጣለ ጣሳ ላይ፣ ጎማ ውስጥ።»

«ጎማ?» አለ ሀሰን። የዛሂድ ጎማዎች በሙሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያቆሩት ውሃ ጭምር፣ በዓይኑ ላይ ተደረደሩ። ዛሂድ በዚያው ቀን ተደውሎለት ጎማዎቹን ደፍቶ ሸራ እንዲያለብስ ታዘዘ።

ኡሙሀኒ የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። የልጃቸው የሩፋይዳ ልጅ፣ የሁለት ዓመቷ ዓፊፋ፣ አያቷን ሳትስም አትውልም። «ሕፃኗ ይይዛታል?» አለች። ዶክተሩ ሳቅ ብሎ ትንኝ መሀል ካልገባች ከሰው ወደ ሰው በመንካትና በመሳም እንደማይተላለፍ ነገራት። ለጥንቃቄ ትኩሳቱ እስኪለቀው ቀንም ቢሆን በአጎበር ይተኛ፣ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ፣ ለሕመሙ ከፓራሲታሞል ሌላ አይውሰድ አለ። አስፕሪንና መሰሎቹ ደም ያፈሳሉ። «ደግሞም ትኩሳቱ ሲለቅዎ ዳንኩ ብለው አይነሱ። አደገኛው ያኔ ነው፤ ሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት ከመጣ ሮጠው ይምጡ።»

ሀሰን ግን ዕድለኛ ነበር፤ በስምንተኛው ቀን ገንፎ ጠየቀ። ገንፎ የጠየቀ ሰው ደግሞ አይሞትም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በደም ምርመራው ላይ ጉበቱ ከሚገባው በላይ ተቆጥቶ ታይቷል። ደንጊም ጉበትን ያስቆጣል፤ ይሁንና ዶክተር ወንድሜነህ ነገር የማይተው ሰው ነው። ሌላ ምርመራ አዘዘ፤ እሱን የሚያረጋግጥ ሌላ ጨመረበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሀሰንን ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ቫይረስ ጉበትዎ ውስጥ ይኖራል» አለው። «ምናልባት ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ድምፅ የለውም፤ ሰውየው ይበላል፣ ይሠራል፣ ይስቃል፤ እሱ ደግሞ ጉበቱን ጥቂት በጥቂት ያቆስለዋል፣ ያጠነክረዋል። ብዙው ሰው የሚያውቀው ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ወይ ጉበቱ ላይ ካንሰር ሲበቅል ነው። የእርስዎ ገና እዚያ አልደረሰም። ትንኟ ባታስመረምርዎ ኖሮ አናውቅም ነበር።»

«እንግዳ ሦስት ቀን ነው እንጂ ሠላሳ ዓመት አለ እንዴ?» አለ ሀሰን፤ ቀልዱ ግን ለራሱም አላሳቀውም። «ከየት አገኘኝ?»

«ከደም። ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው ሰው ደም ሲገባ ነው። በደንብ ያልጸዳ መርፌ፣ ጥርስ የተነቀለበት ጉጠት፣ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ የጋራ ምላጭ። አብሮ በመብላት፣ በብርጭቆ፣ በመጨባበጥ አይመጣም።»

ሀሰን ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ምላጭ? እኔ? ዶክተር፣ አንተ ራስህ ምስክር ነህ። ለእያንዳንዱ ራስ አዲስ ምላጭ ነው የማወጣው። ከወረቀቱ አወጣዋለሁ፣ እንዲህ አደርግና…» ቀኝ እጁ ያልያዘውን ምላጭ ይዞ፣ በለመደው መንገድ፣ ግራ ክንዱ ላይ ወረደ። እዚያው ላይ ቆመ። ዶክተሩም ክንዱን እያየ ነበር። ለሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ያየው ክንድ ነው፤ ያነበበው ግን ዛሬ ነው።



ያ ሁሉ አዲስ ምላጭ የሰው ራስ ሳይነካ በፊት የሀሰንን ደም ቀምሶ ነበር። አባቱ ከክፋት አላስተማረውም፤ ሀሰንም ከስንፍና አላደረገውም። የሚላጫቸውን ልጆች ከሕመም ሊጠብቅ ብሎ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ፊቱ ላይ ድቅን ያለችው ዓፊፋ ናት። በሰባተኛ ቀኗ ሲላጫት ከጆሮዋ ጀርባ በምላጩ ጫፍ ነክቷት ነበር። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ደም ወጣች፤ በጥጥ ጫን አድርጎ ሳማት። ይህን ታሪክ በየዒዱ እየሳቀ ሲያወራው ኖሯል።

«የልጅ ልጄን ነክቻታለሁ» አለ።

«በአንድ ጭረት የመተላለፉ ዕድል ትንሽ ነው» አለው ዶክተሩ። «ትንሽ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ሁለት ዓመት ስለሞላት በምርመራ በደንብ ይለያል። ለእርስዎ ደግሞ መድኃኒት አለ፤ ለሦስት ወር በየቀኑ የሚዋጥ። አብዛኛው ሰው ፈጽሞ ይድንበታል። ጋሽ ሀሰን፣ ይሰሙኛል? ይድናሉ።»

ሀሰን ያን ቀን ስለ ራሱ መዳን አንድም ቃል አልሰማም። ማታ ለኡሙሀኒ ሲነግራት «አብሽር» አለችው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ሄደህ ለሩፋይዳ በአፍህ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።»

ሩፋይዳ የምትኖረው ቁሓ ነው፤ ባሏ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ዕቃ ያወርዳል፣ ይጭናል። ሀሰን በታክሲ ሄደ። ገና ከመቀመጡ ዓፊፋ የጠርሙስ ቆርኪዋን ይዛ ጭኑ ላይ ወጣች። የግራ እጁን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና ቆርኪውን በነጫጮቹ መስመሮች ላይ ትነዳው ጀመር። ክንዱ ለእሷ የመኪና መንገድ ነው። «ድድድድ» እያለች ክርኑ ጋ ስትደርስ ትዞራለች።

ሀሰን እሷ እየነዳችበት ለእናቷ ነገራት። አልቆራረጠም፣ አላሳጠረም። ደሙን፣ ምላጩን፣ የጆሮዋን ጀርባ ነገራት። ሩፋይዳ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ብድግ ብላ ልጇን ከጭኑ ላይ አነሳቻት። ክፉ ቃል አልተናገረችም። ቆርኪው ግን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሀሰን በሕይወቱ እንደዚያ የከበደ ድምፅ አልሰማም።

«አባ» አለችው በመጨረሻ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ፤ «የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለእማ እንኳ አልነገርኳትም። የሚመጣውንስ ማን ይላጭልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

ሀሰን አቀርቅሮ ወጣ።

በማግስቱ ሩፋይዳ ዓፊፋን ይዛ ወደ ሆስፒታል መጣች። ሀሰን ከእነሱ ራቅ ብሎ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመ። ሕፃኗ መርፌ ሲነካት የለቀቀችው ጩኸት ግድግዳውን ሰንጥቆ ገባው። ውጤቱ እስኪመጣ ያን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈው ዛሬም ቢጠየቅ አያስታውሰውም። ዶክተር ወንድሜነህ ወረቀት ይዞ ብቅ ሲል ፊቱ ገና ከሩቅ ያወራ ነበር።

«ነፃ ናት። ምንም የለባትም።»

ሀሰን ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው በሚረግጠው ወለል ላይ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ሱጁድ ወረደ። ሲነሳ ዓፊፋ ከእናቷ እጅ ሾልካ መጥታ እጅጌውን እየጎተተች ነበር። መንገዷን ፈልጋ ነው። ሩፋይዳ አልከለከለቻትም፤ ዓይኗን እየጠራረገች አየቻቸው። ስለሚመጣው ልጅ ግን ምንም አላለችም፤ እሱም አልጠየቀም።

ዶክተሩ ራሱም ተመርምሮ ነፃ ሆነ፤ ቀጥሎ የኣረፋይነ ተራ ነበር። ሁለቱ ባልደረቦች በየሳምንቱ አንዱ የሌላውን ፊት ይላጭ ነበርና ሀሰን «ተመርመር» አለው። ተመረመረ፤ ተገኘበት። ሀሰን ይህን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ወደ ወረባቦ ሊመለስ ተነሳ። ኣረፋይነ ግን መቀሱን አስቀምጦ በሩ ላይ ቆመበት።

«ዋእ! ወዴት ነው?» አለው። «ሓሰን ሓወይ፣ አንተ ሰጠኸኝ ወይስ እኔ ሰጠሁህ ማን ያውቃል? እኔን በልጅነቴ ጥርሴን የነቀለኝ ሰውዬ ጉጠቱን የሚጠርገው በሱሪው ነበር። ዶክተሩም ቢሆን አልለየውም። ኣጆኻ፣ አይዞህ! አሁን አንተ ከሄድህ ያን መድኃኒት ብቻዬን ልውጥ ነው?»

ሀሰን ቀረ። ቀርቶም ከባዱን ሥራ ሠራ፤ የላጫቸውን ልጆች እናቶችና የፀጉር ቤቱን ደንበኞች አንድ በአንድ እየዞረ ነገራቸው። አንዳንዷ እያለቀሰች አመሰገነችው። አንዷ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። አንድ የድሮ ደንበኛው ከዚያ ወዲህ ጭማቂ ቤቱ ድረስ መጥቶ ፀጉር ቤቱን ዞር ብሎ እንኳ አያይም። «ሐቃቸው ነው» ይላል ሀሰን፤ ከልቡም ነው። ለምርመራ ከመጡት ልጆች መሀል እስካሁን የተገኘበት የለም። በጣም ትንንሾቹ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላቸው እንዲመለሱ ተቀጥረዋል።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ፀጉር ቆራጮች መስታወታቸው ፊት ይቆሙና እኩል ይውጣሉ። ኣረፋይነ መድኃኒቱን ከጭማቂ ጋር ነው የሚወስደው። ሀሰን በውሃ። «ቢስሚላህ» ይላል አንዱ፣ «ብስመ ኣብ» ይላል ሌላው፤ ጉሮሯቸው አብሮ ይወርዳል። ደንበኞች መጀመሪያ ይገረሙ ነበር፤ ኋላ ሰዓታቸውን በእነሱ ማስተካከል ጀመሩ። ከአባት የወረሰ እጅ ግን በአንድ ቀን አይታረምም። ሀሰን አዲስ ምላጭ በከፈተ ቁጥር ቀኝ እጁ ወደ ግራ ክንዱ ይሄዳል፤ ኣረፋይነ ደግሞ በማበጠሪያ ጀርባ መታ ያደርገዋል። በመጨረሻ ኡሙሀኒ ባለ ረጅም እጅጌ ነጭ ጋውን አሰፋችለት፣ እጅጌው ጫፍ ላይ ሁለት ጠንካራ ቁልፍ አስተከለችበት። እሱን ለብሶ ሲወጣ ኣረፋይነ «ሐኪም ሆንክብን» ብሎ ቀለደበት።

መድኃኒቱ የካቲት ላይ አለቀ። እርግጠኛ ለመሆን ሦስት ወር ጠብቆ ደግሞ መመርመር ነበረበት። ግንቦት ላይ ሁለቱም ተመረመሩ፤ ሁለቱም ዳኑ። ኣረፋይነ ጭማቂ ቤቱን በሙሉ ጋበዘ። ሀሰን ግን ወረቀቱን አጣጥፎ የጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰኔ ላይ ሩፋይዳ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ስሙን አብዱልወዱድ ሊሉት ተስማሙ። በሰባተኛው ቀን ቁሓ ያለችው ትንሽ ቤት በሰው ሞላች። በጉ ታርዷል፤ ከወረባቦ የሀሰን አጎት ሳይቀሩ መጥተዋል። ሀሰን ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ምላጩንና ሣጥኑን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ግን ማንም «ላጭ» ስላላለው ሣጥኑን እግሩ ሥር አድርጎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ላጪ ተጠርቶ እንደሆነ አላወቀም። ለመጠየቅም አፈረ።

ሀሰን ከጥጉ አልነሳ ሲል አጎቱ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ምን ትጠብቃለህ? ምላጩን አውጥተህ ክንድህ ላይ ሞክር እንጂ! ያባትህ ወግ የት ሄደ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሀሰን እጅጌው ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ነካ፣ መቆለፋቸውን አረጋገጠ። ከዚያ እጁን ከጋውኑ ሥር ወደ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ አስገባና የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«በራሴ ሞክሬዋለሁ አጎቴ» አለ። «ያባቴን ወግ አልተውኩም።»

አጎቱ ወረቀቱን ገለባበጡት፤ ማንበብ አይችሉም። ሩፋይዳ ከአልጋዋ ተነስታ ተቀበለቻቸው። ቀኑን አየች፣ ስሙን አየች፣ ከሥር የተጻፈውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ቫይረሱ አልተገኘም።» ወረቀቱን መልሳ እንደነበረው አጥፋ አባቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ልጇን አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ቀስ ብለህ አባ» አለችው።

ሀሰን አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ አወጣ፤ ቀስ ብሎም ላጨው።